የጭስ ሠፈርን ብረት ፍለጋ ሰቆጣ ድረስ

ይህን ከምታነቡት መካከል ሰቆጣ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። እኔም ራሴ እሄዳለሁ ብዬ ገምቼ አላውቅም ነበር። እንግዲህ ያሻኝን ብጽፍ ሄዶ የሚያጣራብኝ የለም ማለት ነው። ግን ልዋሽ ብፈልግ ኖሮ ራሴን ከዚህ የተሻለ ሰው አድርጌ በዋሸሁ ነበርና እመኑኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ስበሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ መብሻዬ ከኪሴ አልወጣችም። በሠፈራችን «በላቸው አገር ያየ ሰው ነው» ይሉኛል፤ እኔም አላስተባብልም። እውነቱን ለመናገር ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሄድኩት አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ። እሱንም ቢሆን የሚያውቀው ሐዲዱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ወደ ሰሜን ከእንጦጦ አልፌ አላውቅም ነበር።

ሠፈራችን ከለገሀር ጀርባ፣ ከሐዲዱ አጥር ጋር ተጣብቆ የተሠራው ጭስ ሠፈር ነው። ነበር ማለቱ ይሻላል። ስሙን ያወጣለት ያ በእሳት ይሄድ የነበረው የጥንቱ ባቡር ነው፤ ጠዋት ነጭ ሆኖ የተሰጣ ልብስ ማታ ግራጫ ሆኖ ይገባ ነበር። በናፍጣ የሚሄደው ሲመጣ ጭሱ ቀረ፣ ስሙ ግን ቀጠለ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ቦታው ለመንገድ ማስፊያ ይፈለጋል ተባለና ቤቶቻችን በአንድ ክረምት ዋዜማ ፈረሱ። እኔ ኮልፌ ደረሰኝ፤ እማማ ጌጤ ኮተቤ፤ ሌላው ሌላ ቀበሌ። የቀረን እድራችን ብቻ ነበር።

የኛ እድር እንደሌላው እድር ጡሩምባ አልነበረውም። በመጀመሪያ አስነፍተን ነበር፤ ከባቡሩ ጩኸት ጋር እየተምታታ ሰው ሞቶ «ባቡር መጣ» ብሎ ቁጭ የሚል ሠፈርተኛ በዛ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ክንድ የምትሆን ቁራጭ ሐዲድ ዛፍ ላይ ሰቅለን በብሎን ማስመታት የጀመርነው። ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ። ያንን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። መቺው ጋሽ ኪሮስ የሚባሉ የጣቢያው ዘበኛ ነበሩ፤ ከሰቆጣ ወዲያ የዋግ ሰው። ጡረታቸው ደርሶ ወደ አገራቸው ሊገቡ ሲሰናበቱን «ለመታሰቢያ ብረቷን ስጡኝ» አሉ። ሰጠናቸው። ደጎች ሆነን አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ሜጋፎን ገዝተን ስለነበር ነው። ሜጋፎኑ ብዙም ሳይቆይ ለሰልፍ ይፈለጋል ተብሎ በውሰት ሄደ። እስካሁን እየተሰለፈ ነው።

እና ባለፈው ጥር በተደረገው ስብሰባ ላይ ከተጠራው ሰው ግማሹ ቀረ። ከዚያ በፊት ሁለት ቀብር ላይ ሰው አልደረሰም፤ መርዶው አልተሰማም። እማማ ጌጤ ተነሡና «እድራችን ድምፁን ካጣ ወዲህ ሰው ሰውን አይሰማም። ወይ ያቺ ብረት ትመለስ፣ ወይ ድንኳኑንና ድስቱን ተካፍለን እንበተን» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ኮተቤ የተመታ ብረት ኮልፌ እንደማይሰማ ማናችንም አላነሳንም። «ታዲያ ማን ይሂድ?» ሲባል «አገር ያየ ሰው እያለ!» ተባለና አይኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም፣ ስንፍናዬን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሠፈር የሚያድን ሰው መሆን ያምራል፤ በተለይ ከቤት ሳይወጡ ሲያስቡት።

የመጀመሪያው ቀን። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ተገኘሁ። ረዳቱን «በስንት ሰዓት ይነሳል?» ብዬ ስጠይቀው «ሲሞላ» አለኝ። ባቡር ሲሞላ አይነሳም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ነው የሚነሳ፤ ይህን ለረዳቱ ላስረዳው ብዙ ደከምኩ። ባቡር ላይ መስኮት ከፍቶ ቲማቲምና የተጠበሰ ዶሮ ከሴቶች እጅ መቀበል ነው ጉዞ ማለት። አውቶቡስ ላይ ግን መስኮቱ አይከፈትም፤ ቢከፈትም አቧራው ነው የሚገባው። ደብረ ሲና ሳንደርስ ሆዴ ተገለበጠብኝ። ሠላሳ ዓመት የተጓዝኩ ሰው የጎረቤቴን ኩርቱ ፌስታል ለምኜ ተጠቀምኩበት። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ብቻ ነፍሴ መለስ አለች፤ ጨለማውና ጩኸቱ ባቡር ባቡር ይላል። ሳላስበው መብሻዬን አውጥቼ በአጠገቤ ያለውን ሰው ትኬት በሳሁለት። ከኋላ ያለችው ነጋዴም ትኬቷን ዘረጋችልኝ፤ የሚበሳ መስሏት ነው። ደሴ እስክንደርስ የአውቶቡሱን ሰው ሁሉ ትኬት በሳሁ።

ደሴ ያደርኩበት ቤት አልጋው ሰው የለመደ ነው፤ ቁንጫውም እንደዚሁ። ባለቤቲቱ ግን ፊቴ መገርጣቱን አይታ በርበሬ የሌለው አጃ ሾርባ ሠርታ ሰጠችኝና «አባባ፣ ለመኪና መንገድ አልተፈጠሩም» አለችኝ። ባቡር ሠራተኛ መሆኔን አልነገርኳትም።

በሁለተኛው ቀን ያው አውቶቡስ ያንኑ ሰው ይዞ ወደ ኮረም ቀጠለ። ከወልድያ ወዲያ ኬላ ላይ አስቆሙንና ወረቀት ተጠየቅን። እኔ የይለፍ ወረቀቴን አውጥቼ በግራ እጄ ያዝኩ፤ ቀኝ እጄ ደግሞ ኪሴ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እጄ ነው የሚያውቀው። ሠላሳ ዓመት ወረቀት በያዝኩ ቁጥር ያደረገውን አደረገ። ጠቅ! ቀዳዳዋ በማኅተሙ መሐል ለመሐል ወጣች።

«ጓድ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ ጠባቂው፤ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ በቀዳዳው አየኝ።

«ልማድ ነው» አልኩ።

«የምን ልማድ? ማኅተም መብሳት?»

ከአውቶቡሱ አስወረደኝ። ሌላ ጠባቂ ተጠራ፤ እሱም በቀዳዳው አየኝ። የምናገረው ሁሉ እየባሰ ሄደ፤ «ምልክት ነው ወይ?» ሲሉኝ «አይ፣ ኮከብ ናት» አልኩ፤ መብሻዬ የኮከብ ቅርጽ ስለምታወጣ ነው እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አልነበረም። በዚያ ዘመን ኮከብ ደግሞ በሸማቂዎቹ ባንዲራ ላይ እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ያዳነችኝ ያቺ ትኬቷን የዘረጋችው ነጋዴ ናት። ከመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፦

«ኧረ ተዉት እናንተ! ኸትናንት ጀምሮ የሁላችንን ትኬት ሲበሳ ነው የመጣ። ለሱ ትኬት ሲበሳ ነው ነፍሱ እምትረጋ!» አለችና የራሷን አሳየች። ከኋላዋ ሌላውም አሳየ፤ ሌላውም። ጠባቂው ዞሮ አየኝና ባዶ የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ «እስቲ ብሳ» አለኝ። በሳሁለት። ኮከቧን አገላብጦ አየ። «ድገም።» ደገምኩ። ዳር ዳሩን ዞሬ እንደ ጥልፍ አስጌጥኩለት። «ለልጄ ነው» ብሎ ኪሱ ከተተና ወረቀቴን መለሰልኝ፤ «ከእንግዲህ በጥርስህ ያዘው፣ በእጅህ አትያዝ» ብሎ መከረኝ። ከአላማጣ ወደ ኮረም ያለውን ዳገት ስንወጣ በእጆቼ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ከኮረም ሰቆጣ ነው። አውቶቡስ አልነበረም፤ ስኳርና ጨው የጫነ መኪና ላይ ከጭነቱ አናት ሆኜ ወጣሁ። መንገድ ይሉታል። ባቡር ድልድይ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፤ ያኔ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል። እዚህ ድልድይም የለም፣ ድምፁም አይለወጥም፤ ዝም የምንለው ግን ቀኑን ሙሉ ነው። በአንዱ ወንዝ ውስጥ ጎማው ተቀረቀረና ወርደን ገፋን። እኔ ስገፋ የጫማዬ ተረከዝ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ይህን ያየው የጭነቱ ባለቤት፣ አቶ ሰይድ የሚባሉ የሰቆጣ ባለሱቅ፣ ከጋቢናው ወረዱና «ይግቡ እርስዎ» አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ ለወጉ ያህል ነው። እሳቸው ስኳሩ ላይ ወጡ፣ እኔ ጋቢና ገባሁ። ሰቆጣ ስንደርስ አቧራ ለብሰው ሲወርዱ ሽማግሌው እሳቸው መሆናቸውን አየሁና አፈርኩ።

«የት ያርፋሉ?» ሲሉኝ ሆቴል እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ሳቁ። «ዛሬ ገበያ ነበር። የቀረ አልጋ ቢኖር ገበሬው ተኝቶበታል። እኛ ቤት ነው እሚያድሩ።»

ቤታቸው ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ በጭስ ሠፈር ጭቃና ጭድ ላደገ ሰው ምሽግ ይመስላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ከመደርደሪያው ለብቻው የተቀመጠ ሳህን፣ ብርጭቆና ድስት አወረዱ። «የክርስቲያን እንግዳ ዕቃ ነው» አሉኝ። «የእኛ ሥጋ አልነካውም፤ አይስጉ።» ከዚያ ዶሮ ተያዘና የሚያርደው ክርስቲያን ጎረቤት እንዲጠራ ተላከ። እኛ ሠፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ግቢ ሲኖር አንዱ ለሌላው ይህን ያደርግ ነበር፤ እማማ ጌጤ ለሮመዳን ማፍጠሪያ የሚሆን ሾርባ በአዲስ ድስት ይሠሩ ነበር። ያ ትዝ አለኝና ዓይኔ እርጥበት ያዘ። ለእንባው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጠዋት ነበር።

ዶሮው ሳልቀምሰው እንዲያ እንደ ተሸፈነ አድሯል። ወይዘሮ ዘሀራ አሙቀው፣ ደስ ብሏቸው አቀረቡልኝ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። የጾም ቀን መሆኑን ስነግራቸው ከኔ በላይ ደነገጡ፤ «ምነው ትናንት ቀስቅሼዎት በነበር!» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። አራጁ ጎረቤትም ጾመኛ ነውና ዶሮው እስከ ማግሥቱ ደጅ ጠና። እኔ የማሽላ እንጀራ በነጭ ማር በላሁ። ስለዚያ ማር ብዙ ልጽፍ እችላለሁ፤ ግን የማትቀምሱትን ነገር ማብዛት ግፍ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ማለት በዚያው ረቡዕ፣ አቶ ሰይድ ወደ ጋሽ ኪሮስ መንደር የሚመለስ ገበያተኛ አገኙልኝ። ፈንታው ይባላል፤ አርባ ዓመት ያለፈው ገበሬ ነው፤ እርስ በርሳቸው አገውኛ ነው የሚናገሩት፣ ከኔ ጋር አማርኛ። በቅሎው ላይ አወጣኝና እሱ በእግሩ ቀደመ። መንደሩ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በቅሎዋን ቀጥ ለማድረግ ልጓሟን ወዲህ ስስብ ወዲያ ስስብ አይቶኝ፦

«ጌታው፣ ልቀቃት። እሷ መንገዷን ታውቃለች» አለኝ።

«ገደሉ ዳር ዳር ትሄዳለች እኮ!»

«እሷም መሞት አትፈልግም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ልጓሙን ለቅቄ ኮርቻውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ስለ አገሩ ውበት የምጽፈው ነገር የለኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስደርስና ስወርድ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። እንደ ተቀመጥኩ ቀርቼ፣ ማለት እንደ ተቀመጥኩ ቅርጽ ይዤ፣ ቆምኩ።

ጋሽ ኪሮስ ቤት ሰው አልነበረም። እህታቸው እትዬ ለምለም ምንጭ ወርደዋል፤ እሳቸው ደግሞ አውድማ ላይ ናቸው። ፈንታው «ልጥራቸው፣ አንተ አረፍ በል» ብሎኝ ወረደ። ብቻዬን ቀረሁ። ከቤቱ ፊት አንድ የወይራ ዛፍ አለ። ከወይራው ላይ፣ በጠፍር ተንጠልጥላ፣ ብረቷ።

ሌላ ብረት እንዳትመስላችሁ። ጠርዟ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ለብሎን የተበሳው ቀዳዳ፣ ሁሉም ያው ነው። ብሎኑ እንኳ ያው ነው፤ በገመድ ታስሮ አጠገቧ ተንጠልጥሏል። ከዚያች ብረት ሥር ነው እኔ ያደግሁት። የአባቴን መርዶ የሰማሁት ከሷ ነው። ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፣ ድምፅዋን መስማት ፈለግሁ። ድምፅዋም ያው መሆኑን ላረጋግጥ፣ ለእድሩ «ሰምቻለሁ» ብዬ እንድነግር ብዬም ነው። ብሎኑን ያዝኩ። ሦስት መታሁ፤ ትንሽ ዝም አልኩ፤ ሁለት መታሁ። ድምፅዋ ወደ ገደሉ ወርዶ ከማዶ ተመለሰ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ባቡሩ እስኪመጣ ቆሜ የምጠብቅ መሰለኝ።

የመጣው ግን ባቡር አይደለም።

መጀመሪያ ከምንጩ በኩል ጩኸት ተነሳ። አንዲት አሮጊት እንስራቸውን ጥለው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ኪሮስ! ወንድሜ ኪሮስ!» እያሉ ዳገቱን ይወጣሉ። ቀጥሎ ከየቤቱ ሰው ወጣ፤ ከየማሳው፤ ሴቶቹ መቀነታቸውን እያጠበቁ፣ ወንዶቹ «ወንድሜን፣ ወንድሜን!» እያሉ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጋሽ ኪሮስ ያንኑ የጭስ ሠፈርን አመታት ለመንደሩ አስተምረዋል፤ ሦስት፣ ዝም፣ ሁለት። ከእሳቸው በቀር ብረቷን የሚነካ የለም። እሳቸው አውድማ ላይ ሳሉ ሌላ ሰው ከመታት፣ የሞተው መቺው ራሱ ነው ማለት ነው።

ጋሽ ኪሮስ ደግሞ በአውድማው ሆነው ሰሙ። «እኔ ካልመታሁት ማን መታው? ቤት የቀረችው እህቴ ናት፤ እንግዲህ ጎረቤት የመታው እሷ ብትሞት ነው» አሉ። ፈንታው ሳይደርስባቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ «ለምለም! እህቴን!» እያሉ በሌላው በኩል ሲሮጡ መጡ።

ከወይራው ሥር፣ እኔ ብሎኑን እንደ ያዝኩ በቆምኩበት ፊት፣ ወንድም ለእህቱ እያለቀሰ፣ እህት ለወንድሟ እያለቀሰች ተገናኙ።

እትዬ ለምለም ወንድማቸውን አዩና ጮኹ፤ ይህኛው ጩኸት ሌላ ዓይነት ነበር። ጋሽ ኪሮስ ባሉበት ቁጭ አሉ። ሰዉ ሁሉ አንዴ እሳቸውን አንዴ እህታቸውን ያያል። ሁለቱ ተያይዘው ተሳሳሙ፣ ተዳሰሱ። ከዚያ የሁሉም ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ብሎኑ መጣ፤ ከብሎኑ ወደ እኔ።

«በላቸው?» አሉ ጋሽ ኪሮስ። «አንተ ትኬት ቆራጩ በላቸው? ማን ሞቶ ነው የመታኸው?»

«ማንም… ድምፅዋን ልስማ ብዬ ነው ጋሽ ኪሮስ።»

ፈንታው ይህን ወደ አገውኛ መለሰው። ባይመልሰው ደስ ባለኝ። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ተቆጣ፣ አንዷ ሴት «ማሽላዬን ከብት በላው» አለች መሰለኝ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ በዚያ አገር ደግሞ ገደሉ ቅርብ ነው።

ሽማግሌ ቄሳቸው ናቸው ዝም ያሰኙት። በአማርኛ፣ ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ወንድም ዓለም፣ ይህ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ አልቅሶ መጥቷል። ስም ሳይጠራበት ቢበተን እኛ ዘንድ ደግ አይደለም፤ ሰዉ ይፈራዋል። ኸአገርህ የሞተ፣ በወጉ ያልተለቀሰለት የለም? እስቲ አስብ።»

የለም ልል ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ብረቷን ሳያት ግን «አለ» አልኩ።

«ማን ይባላል?»

«ጭስ ሠፈር።»

ቄሱ አልገባቸውም። ጋሽ ኪሮስ ግን ተነሡ። «ጭስ ሠፈር ምን ሆነ?» አሉኝ።

ያኔ ነው ማንም እንዳልነገራቸው የገባኝ። እኛ በየቀበሌው ስንበታተን ለእሳቸው መንገር የሁላችንም ሥራ ነበርና የማንም ሥራ ሳይሆን ቀርቷል። ብረት ልጠይቅ መጥቼ መርዶ ነጋሪ ሆኜ አረፍኩት።

«ፈርሷል ጋሽ ኪሮስ» አልኩ።

«የእማማ ጌጤ ግቢስ?»

«ፈርሷል።»

«ያ ሁለት በር ያለው፣ ጣሊያኑ መካኒክ ይኖርበት የነበረው?»

«እሱም።»

«ዛፏስ? ብረቷ የነበረችባት?»

«መጀመሪያ የተቆረጠችው እሷ ናት።»

«ሰዉስ?»

«ሰዉ አለ። ግን አንዱ ኮልፌ፣ አንዱ ኮተቤ ነው። ሲሞት አንሰማማም።»

ጋሽ ኪሮስ ከእጄ ብሎኑን ወሰዱና ወደ ብረቷ ዞሩ። ሦስት፤ ዝም፤ ሁለት። እኔ ከመታሁት እጅግ ያምር ነበር። ከዚያ ለመንደሩ ሰው በአገውኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ «ባቡር» የሚለው ቃል ብቻ ይገባኝ ነበር። ስለ ጭሱ ሲናገሩ በእጃቸው ወደ ላይ ያሳያሉ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ያለ ይሉኝታ እላችኋለሁ፣ እኔም ያን ቀን ነው ለሠፈሬ ያለቀስኩት። ሲፈርስ ዕቃ በማውጣት ላይ ነበርኩ። አንዲት ባቡር በዓይኗ አይታ የማታውቅ አልቃሽ ተነስታ በአማርኛ፣ ለኔ ስትል፣ እንዲህ አለች፦

ባቡርስ ይመጣል ጭሱን እያዘለ፣
ወራጁ የት ይግባ ሠፈሩ ከሌለ።

ንፍሮ ተቀቀለ። የራሴን ሠፈር ንፍሮ በላሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅም ሰው መምጣቱን አላቆመም፤ መንደሩን ገደል ለሁለት ይከፍለዋልና ከማዶ ያሉት ወርደው ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ከመጨረሻ የደረሱት አንዲት አሮጊት ትንፋሻቸው ተቆርጦ፣ በዘንግ ተደግፈው ነበር። ሟቹ ሠፈር መሆኑን ሲነግሯቸው አልሳቁም። አልቅሰው ከአጠገቤ ተቀመጡና ፈንታው የተረጎመልኝን ተናገሩ፦ «ብረቱ ሳይመጣ የወንድሜን ቀብር አልደረስሁም። በጩኸት ነበር እሚጠሩን፤ ነፋስ ሲሆን አይሰማም። ኸዚያ ወዲህ ግን ያመለጠኝ የለም።»

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ኪሮስ ብረቷን አውርደው፣ በቆዳ ጠቅልለው አቀረቡልኝ። የመጣሁበትን ሳልነግራቸው አውቀውታል። «የእናንተ ናት» አሉ። «ሰጥታችሁኝ ነበር፤ ግን የእናንተ ናት። ሰዉ አይሰማማም ካልክ ውሰዳት።» እትዬ ለምለም ዞር ብለው በወይራው ላይ የቀረውን ባዶ ጠፍር ያዩ ነበር።

አነሣኋት። ከባድ ናት። ክብደቷ ምክንያቴ ነው ብል ይሻለኝ ነበር፤ በቅሎዋንም፣ ኬላውንም፣ የሁለት ቀን አውቶቡስንም አስቤ ነበርና ሙሉ በሙሉ ውሸት አይሆንም። ግን ያቺ ዘንግ የያዙ አሮጊት ናቸው ያስቸገሩኝ። «ጋሽ ኪሮስ፣ እኛ ዘንድ ብትሄድ ማን ይሰማታል?» አልኩና ራሴ መልሼ ሰቀልኳት። ቋጠሮውን አበላሽቼው ኖሮ ፈንታው ደግሞ አሰረው።

ስለ መመለሻው ብዙ አልጽፍም። ሰቆጣ ስደርስ ወይዘሮ ዘሀራ ለብቻው በተቀመጠው ድስት ዶሮ ሠርተው ጠበቁኝ፤ ዕለቱ ሐሙስ ነበርና በላሁ። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀቴን በጥርሴ ይዤ አቀረብኩ፤ ያው ጠባቂ ነበር፤ የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ ጠበቀኝ።

የእድሩ ስብሰባ ላይ ትራስ ላይ ተቀምጬ፣ ባዶ እጄን፣ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ትራሱ የበቅሎዋ ውጤት ነው። ድስቶቹና ድንኳኑ ለክፍፍል መሬት ላይ ተደርድረው ነበር። አንዱ «እንግዲህ ፈረሰ ማለት ነው» አለ።

እማማ ጌጤ ግን እኔን ነበር የሚያዩት። «ብረቷን የሰማ ሁሉ አለቀሰ?» አሉኝ።

«ሁሉም እማማ። ከገደል ማዶ ያሉት ሳይቀሩ።»

«ለእኛ?»

«ለእኛ።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ያለቀሰልንን ሰው ሳናለቅስለት እድር ስናፈርስ ነውር አይሆንም? ኪሮስ አርጅቷል። የዚያን ለት ከዚህ ሰው ደርሶ መቆም አለበት፤ በድንኳኑ፣ በወጉ። በሉ ድስቱን መልሱት።»

ድስቱ ተመለሰ። እድሩ ለጊዜው አለ። ስብሰባውም ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሞልቶ ይውላል፤ የሰቆጣውን ታሪክ ድገም ይሉኛል። ያን ዕለት ግን ሰዉ ሊነሳ ሲል አንዱ «ቀኑ ሲደርስ ታዲያ ማን ነው የሚሄደው?» አለና ዓይኑ ሁሉ ዞረ። የት እንደ ዞረ አልነግራችሁም።

ጋሽ ኪሮስን ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ ጠዋት ማታ እጸልያለሁ። ግማሹ ከልቤ ስለምወዳቸው ነው፤ ግማሹ ስለ በቅሎዋ ነው።